የሄዱትን ብቻ ሳይሆን የቀረነውንም ጠይቁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ደቡብ ወሎ ውስጥ ከደሴ ጉጉፍቱን አልፎ ወደ አቀስታ በሚወስደው መስመር ካሉት ጤና ጣቢያዎች ባንዱ የምሰራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከ2003 ጀምሮ እዚሁ ነኝ፣ አስራ አምስት አመት መሆኑ ነው። ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ አይደርሰንም፣ ደሴ የወረደ ሰው ሲመለስ ይዞልን ይመጣና አንዱ ላንዱ እያቀበለ ይነበባል። ባለፈው ባለሙያ ከወረዳ እየለቀቀ ህዝቡ ተቸገረ የሚለውን ጽሁፋችሁን አነበብኩት። የተባለው ሁሉ እውነት ነው፣ ደሞዙ ከኑሮው ጋር አይገናኝም፣ ዲዩቲ የሚባለው የትርፍ ሰአት ስራ ተሰርቶ ክፍያው ወራት ይቆያል፣ መኖሪያ ቤት የለም፣ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም፣ አንዱንም አልክድም። ግን አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ፣ የለቀቁትን ለምን ለቀቃችሁ ብላችሁ ጠይቃችኋል፣ እኛን ግን ለምን ቀራችሁ ያለን የለም። ካልተጠየቅን ደሞ ሰው የሚያስበው መሄጃ አጥተው ነው ብሎ ነው፣ ይሄ ልክ አይደለም። እኔ ሶስት ጊዜ መሄጃ አግኝቼ ሶስቴም የቀረሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ የራሴን ልንገራችሁ።

ተወልጄ ያደኩት ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻን የሚያውቅ ያውቃል፣ ሞቃት ነው፣ ማታ ደጅ ቁጭ ተብሎ ይወራል። ደሴ ተምሬ በዲፕሎማ ስመረቅ ወደዚህ ያመጣኝ ዕጣ ነው፣ ወድጄ አይደለም። የመጣሁት ሐምሌ ላይ ነበር፣ ጭጋጉ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰአት ጀምሮ ወርዶ ሰው ከሰው አይተያይም። ቤት ያከራዩኝ እናት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ከሻንጣዬ ሌላ አንድ ስስ ብርድልብስ ብቻ መያዜን አይተው ምንም ሳይሉ ገቡና የራሳቸውን ባና አምጥተው አልጋዬ ላይ ጣሉት። አብሽሪ ልጄ፣ ደጋ የሚከፋው የመጀመሪያው ክረምት ነው አሉኝ። ያኔ ግን አላጽናናኝም፣ ሌሊቱን እያለቀስኩ ነው ያደርኩት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አመታትም ቀን እየቆጠርኩ ነው የኖርኩት፣ የዝውውር ፎርሙን ገና ጊዜው ሳይደርስ ሞልቼ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

ከዛ አባቴ ሞተ። እዚህ ሀገር ቅሬ የሚባል አለ፣ ሌላው እድር የሚለው ማለት ነው፣ እትዬ ጎትጉተውኝ ከገባሁ አራት ወር አልሞላኝም ነበር፣ እሳቸውን ደስ ይበላቸው ብዬ እንጂ ቁምነገር ብዬም አልገባሁም። ስልኩ የተደወለልኝ ሌሊት ነው፣ እኔ በመጀመሪያው መኪና ወረድኩ። በሶስተኛው ቀን ከሰአት በፊት ኮምቦልቻ ቤታችን በር ላይ አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ፣ ከላዩ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ይወርዳል ይወርዳል አያልቅም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እትዬ አሉ፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ አለ፣ እንዲያውም ከሁለት ሳምንት በፊት ያዋለድኳት ልጅ አማት አሉ። እናቴ በለቅሶው መሀል ቀና ብላ እነዚህ እነማን ናቸው አለችኝ፣ ቅሬዎቼ ናቸው አልኳት። ዝም ብላ አየቻቸውና እንግዲያ ሰው አለሽ አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም። እነሱም ምሳ እንኳ በግድ ነው የቀመሱት፣ ማታውኑ ተመለሱ። ስመለስ ፎርሙን ቀደድኩት ብል ውሸት ነው፣ አልቀደድኩትም፣ ግን ጊዜው ሲደርስ አላስገባሁትም። የመጀመሪያው መቅረቴ እሱ ነው።

ሁለተኛው ሌላ ነው፣ ይሄን ግን ኃላፊዎች ልብ ብለው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። በ2007 ደሴ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የደሞዜን እጥፍ እሰጥሻለሁ አለኝ። እጥፍ ቀላል አይደለም፣ አባታችን የለም፣ ታናናሾቼን የማስተምረው እኔ ነኝ። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ልለቅ ነው ብዬ ነገርኩት። ኃላፊያችን ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም፣ ቁጭ በይ አለኝና መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን ቢሆንልሽ ትቀሪያለሽ የሚለውን ነው። በስራ ዘመኔ ይሄን ጥያቄ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ዲግሪዬን መማር እፈልጋለሁ አልኩት። እሺ ብሎ በዛው አመት ለትምህርት እድሉ ስሜን አስገባ፣ ወረዳ ድረስ ራሱ እየተመላለሰ ተከራከረልኝ፣ ሄጄ ተምሬ ተመለስኩ። ሰው ለማስቀረት ብዙ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል፣ አንዳንዴ ግን ከአለቃው ቢሮ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። እኛ ጋ ከለቀቁት ጓደኞቼ ቢያንስ ሶስቱን አውቃለሁ፣ የለቀቁት ብርዱን ወይ ደሞዙን ጠልተው አይደለም፣ አመት ሙሉ ሰርተው አንድ ቀን አመሰግናለሁ የሚላቸው አጥተው፣ ስልጠና ሲመጣ ቢሮ ቁጭ ያለው እየሄደ እነሱ ስማቸው እየተዘለለ ነው።

ሶስተኛውን ማውራት ይከብደኛል ግን ካላወራሁት አይሞላም። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ እኛም መንገዱ ተዘጋብን፣ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ እኛው ጋ ደረሰ። ሪፈር የለም፣ አምቡላንስ የለም፣ መብራትና ኔትወርክ የለም። ሪፈር ይጻፍ ቢባልስ ወዴት ይጻፋል፣ የደሴ ሆስፒታል ራሱ ተዘርፎ ባዶ ቀርቷል። ጤና ጣቢያችን ከመዘረፉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ዘበኛውና የቅሬው ወጣቶች ሌሊት መጥተው የማዋለጃ ኪቶቹን፣ የደም ግፊት መለኪያውን፣ የቀረንን መድሃኒት ሁሉ እየተሸከሙ አወጡ። የት እንደወሰዱት ለኔ እንኳ አልነገሩኝም፣ ካላወቅሽ አትጠየቂም አሉኝ። በዛ ወር ሰው ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው ያዋለድኩት፣ አንዷን በሶላር ፋኖስ፣ አንዷን በባሏ ሞባይል መብራት ባትሪው እያለቀ፣ አንዷ ደም ፈሷት እጄን ከሆዷ ላይ ሳላነሳ እስኪነጋ ተቀምጬ፣ እግዜር ይመስገን ተርፋለች። ታህሳስ ላይ ነገሩ ሲበርድ ወጣቶቹ እቃውን መልሰው አመጡት፣ ግማሹ ከመስጊድ ግማሹ ከቤተክርስቲያን እቃ ቤት ነው የወጣው፣ ቆጥረን ተረከብን፣ አንድ መቀስ አልጎደለም።

ከዛ ወር ብዙ ሳይቆይ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ስራ አለ ብሎ ደወለልኝ። እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ ልቤ ይዘል ነበር፣ መሄድ ፈልጌ ነበር። ግን እነዛን መቀሶች ቆጥሬ ተረክቤ ለማን ሰጥቼ ነው የምሄደው? አሁንም መልስ የለኝም ለዚህ ጥያቄ።

ይሄን ያልኩት ሰው በፍቅር ብቻ ይኖራል ለማለት እንዳይመስላችሁ። ፍቅር ለልጅ ልብስ አይገዛም። አንድ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፣ ይሄንን በጽሁፋችሁ ውስጥ ያላየሁት ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። መቆየት ራሱ ሙያ ነው። እኔ አስራ አምስት አመት እዚህ ስለኖርኩ እናቶቹን አውቃቸዋለሁ። ማን ባለፈው ስትወልድ ደም እንደፈሰሳት፣ የማን እንግዴ ልጅ እንደዘገየ፣ የትኛዋ ደም ግፊቷ ከሰባተኛ ወር በኋላ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ምጥ እስኪመጣ አልጠብቅም፣ ወሩ ሲገባ ባሏን ገበያ ላይ አግኝቼ አምጣት፣ እናቶች ማቆያ ትግባ እላለሁ፣ ማቆያው ውስጥ የቀበሌው ሴቶች ባዋጡት የገብስ ዱቄትና ቅቤ ገንፎ እየተገነፋላት ትቆያለች፣ ካስፈለገም ሳይመሽ ሪፈር እልካታለሁ። አዲስ የመጣች ልጅ ጎበዝ ብትሆንም፣ ከኔ የበለጠ ብትማርም፣ ይሄን አታውቅም፣ የምታየው ካርድ ነው፣ ካርዱ ደሞ ብዙ ጊዜ ግማሹ ባዶ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በእቅዱ ወደ 25 ሺህ ሰው ነው የሚያገለግለው፣ የዛን ያህል ሰው ታሪክ በጭንቅላቷ ይዛ የነበረች ሰው ስትለቅ የሚሄደው አንድ ሰራተኛ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ስርአቱ ልምጣ። በኛ አሰራር ከባድ ቦታ የሰራህበት ዘመን የሚቆጠርልህ ለምንድነው? ለዝውውር ነው። ብርድ ላይ ብዙ በቆየህ ቁጥር ከብርዱ ለመውጣት ቅድሚያ ታገኛለህ። ጤና ባለሙያውም መምህሩም እንዲህ ነው። እኔ ይሄን መጥፎ ነው አልልም፣ ሰው ታስሮ አይኖርም፣ የደከመ መውጣት አለበት። ግን መቅረት የፈለገስ? ለሱ ምን ተቆጠረለት? አምስት አመት ቆይቶ የሄደውና አስራ አምስት አመት ቆይቶ ያልሄደው እኩል ናቸው፣ እንዲያውም የሄደው ከተማ ገብቶ የግል ክሊኒክ ተጨማሪ ስራ ስለሚያገኝ ይበልጣል። አንድ ሰው ከባድ ቦታ አስር አመት ከቆየ በኋላ ትምህርት በቅድሚያ ይሰጠው፣ ቤት መስሪያ ቦታ በቅድሚያ ይሰጠው፣ ልጁ ለትምህርት ደሴ ሲወርድ ማረፊያ ይታሰብለት፣ ያኔ መቅረትም እንደመሄድ የሚያስገኘው ነገር አለ ማለት ነው።

የባልና ሚስት ነገር ደሞ አለ። ባለቤቴ የሂሳብ መምህር ነው። ስንጋባ እሱ ወገል ጤና የምትባል ከተማ ነበር የሚያስተምረው፣ ካርታ ላይ ስታዩት ሁለቱም ወሎ ነው፣ በመኪና ግን ደሴ ወርዶ አድሮ ነው የሚመጣው። አራት አመት እንዲህ ኖርን፣ ትልቋ ልጄ ያኔ አባቷን በበአል ብቻ ነበር የምታየው። ደብዳቤ ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሰባቱንም ጊዜ ክፍት ቦታ የለም ነው የተባልኩት፣ በዛው አመት ግን እኛ ሰፈር ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር አጥቶ ልጆቹ ግማሽ አመት ያለ ሂሳብ ተቀምጠዋል። አንዱ ቢሮ የሌላውን አያውቅም። ለሰባተኛ ጊዜ ስመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ ከዚህ በኋላ አንድ አመት ነው የምታገሰው ብዬ ወስኜ ነበር፣ በስምንተኛው ወር ዝውውሩ ጸደቀለት። እሱ ባይመጣ ኖሮ ቅሬም ባናም መቀስም አያስቀሩኝም ነበር፣ ይሄን በግልጽ ነው የምናገረው። አንድ ደብዳቤ ሁለት ባለሙያ ነው ያስቀረው፣ ምንም ተጨማሪ በጀት አልጠየቀም።

ቤት ለቤት እየዞሩ ጤና የሚያስተምሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች ነገርም ብዙ ያስተምራል። ፕሮግራሙ በ1995 እና 96 አካባቢ ሲጀመር ልጆቹ የተመረጡት ከራሳቸው ቀበሌ ነው፣ አስረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች፣ አንድ አመት ሰልጥነው ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመለሱ፣ በሀገር ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። እኛ ጤና ጣቢያ ስር ካሉት የቀበሌ ጤና ኬላዎች ውስጥ እስካሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለች አለች፣ ለምን ቀረሽ ብትሏት ጥያቄው ራሱ አይገባትም፣ ሀገሬ ነው ትላለች። ሁሉም አልቀሩም፣ አግብተው ከተማ የሄዱ አሉ፣ ደረጃ አላድግ ብሏቸው የተሰላቹ አሉ፣ ግን ከሌላ ቦታ በዕጣ ከመጣነው ጋር ሲተያይ የእነሱ መቆየት አይወዳደርም። አንድ ስልጠና ላይ አሰልጣኛችን የአለም ጤና ድርጅት በ2010 እንደነሱ አቆጣጠር አውጥቶ በ2021 ያሻሻለውን መመሪያ አሳይቶን ነበር፣ ባለሙያን ገጠር ላይ ማቆያ መንገዱ ምንድነው የሚል ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ ምክሮች አንዱ ገጠር ተወልዶ ያደገውን ልጅ ተቀብላችሁ አስተምሩ፣ ትምህርት ቤቱንም ከዋና ከተማ አውጡት የሚል ነው። እኛ ይሄን በኤክስቴንሽን ሰርተን አይተነዋል። ታዲያ ለአዋላጅም ለላብራቶሪም ለመምህርም ለምን ከየወረዳው ኮታ አይያዝም? እኔ መጀመሪያ በመጣሁበት አመት በእጄ የተወለደች ልጅ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ እናቷ ታናሽ ወንድሟን ለክትባት ስታመጣ አብራ ትመጣና ጓንቴን እያየች ትቆማለች፣ እኔም እንዳንቺ እሆናለሁ ትላለች። እሷ ከተማረች ደጋው አይበርዳትም።

የምትሆነው ግን ትምህርት ቤቱ ካበቃት ነው፣ እኔንም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በ2014 የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በሀገር ደረጃ ሃምሳ በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፣ እዛ ላይ ደሞ የኛ ልጆች ጦርነት ውስጥ የቆዩ ናቸው። ትልቋ ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ልትገባ ብዙ አልቀራትም። ኮምቦልቻ እናቴ ጋ ልላካት ወይ፣ እሷን ከላክኋት እኔስ ቀርቼ ምን ልሆን፣ ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር የምናወራው ይሄንኑ ነው። አራተኛ ጊዜ የመሄድ ነገር ከመጣ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ባለሙያ ማቆየት የጤና ቢሮ ስራ ብቻ አይምሰላችሁ፣ ለኔ የሚያስፈልገኝ ጥሩ የፊዚክስ መምህር ነው፣ ለፊዚክስ መምህሩ ደሞ ሚስቱ ስትወልድ አጠገቧ የምታድር አዋላጅ ያስፈልገዋል፣ አንዱ ሲለቅ ሌላውን ይዞ ነው የሚለቀው።

የቀረ ሁሉ ሀገሩን ስለወደደ የሄደ ሁሉ ደሞ ስለጠላ እንዳይመስልብኝ ስለ ታናሽ እህቴ ላንሳ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ሰፈራችን በደስታ ነው የሰከረው፣ ልጆች አረብ ሀገር መሄድ ቀረ ተባለ፣ እህቴም ስፌት ላይ ተቀጠረች። ስራውን ትወደው ነበር፣ መስመር ላይ ፈጣን ነሽ ይሏት ነበር። እሷ እናታችን ቤት ስለምታድር ቻለች፣ ከገጠር የመጡት ጓደኞቿ ግን አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ደሞዛቸው በኪራይና በምግብ አልቆ ወር ሳይሞላ እየተበደሩ ነው የኖሩት። ሼዱ ተሰርቷል፣ ሰራተኛው የሚያድርበት አልተሰራም። ከዛ ጦርነቱ መጣ፣ በዛው ሰሞን አሜሪካኖቹ አጎአን፣ እቃችን ያለ ቀረጥ ሀገራቸው የሚገባበትን እድል ማለት ነው፣ አቋረጡ፣ ስራው ቀዘቀዘ፣ እህቴ ዛሬ ሪያድ ሰው ቤት ናት። ስትደውል ኮምቦልቻ ዘነበ ወይ ብላ ነው የምትጀምረው። እሷን መቆየት አልፈለገችም የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። ጋዜጠኛ ላኩ፣ ግን ቢሮ እንዳይሄድ፣ የሚለቁትንም ብቻ እንዳይፈልግ። የኤክስቴንሽኗን ልጅ ኬላዋ ድረስ ሄዶ ያነጋግራት፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት አመት የቀረው መምህር አለ እሱን ያነጋግረው፣ ያን የጤና ጣቢያ ዘበኛ ያነጋግረው፣ ሰላሳ አመት በአንድ በር ላይ የቆመ ሰው ነው። እትዬም አሉ፣ አሁን አይናቸው ደክሟል እንጂ ወሬያቸው እንዳለ ነው፣ ቡና ሳያፈሉ አይለቁትም። መኪናው ከደሴ የሚነሳው በጠዋት ነው፣ ከአስራ ሁለት ሰአት በፊት መናኸሪያ ይድረስ፣ ጉጉፍቱ ላይ ስለሚበርደው ጋቢ ይያዝ፣ ባይኖረው ግን ሲደርስ ባና አናጣለትም።

አክባሪያችሁ
አዋላጅ ነርስ፣ ከደቡብ ወሎ